ስንደዶ

አባቴ እንድሪስ ይማም፣ የሰኞ ገበያ ቅቤ ነጋዴ፣
ሚዛኑ ሌላ ነው፣ ሌላ የምርመራ ዘዴ፤
አንዲት ስንደዶ ነች፣ ደረቅ፣ ቀጥ ያለች፣
ከቅሉ አፍ ገብታ እስከ እምብርቱ የዘለቀች።
አዙሮ ይመዛታል፣ ካፍንጫው ያስጠጋል፣
ዓይኑን ይጨፍናል።
“ይቺ የወረኢሉ፣ ይቺ ከቦረና፣
ይቺ ሙዝ በልታለች፣ ለባለቤቷ ስጧት እንደገና።”
ጣት አያስገባም ነበር። “ጣት ወፍራም ነው” ይላል፣
“ልይ ብሎ ገብቶ ያየውን ያጎድፋል።”

ጠዋት ደሴ ላይ፣ በጦሳ ውርጭ፣ ቢላ እንቢ ያለ፣
በሐረጎ ተጠማዞ ቦርከና ሲደርስ፣ ከቅሉ ከንፈር ላይ ዘይት ሆኖ ዋለ።
“ሸምሲያ፣ ይሄ ቅቤ ሀገር የለው” ይላል፣
“ላይ ሲሆን ይገግራል፣ ታች ሲሆን ይፈሳል።
ሁለቱን አስታርቆ የሚያኖረው ቢኖር፣
በሬ ሸጬም ቢሆን እገዛው ነበር።”

ነበረ። ስሙን ግን ያወቅሁት ዘግይቼ፣
ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደጁን ከውስጥ ዘግቼ፣
አንድ ዓይኑ በጠፋ ማይክሮስኮፕ አጎንብሼ።
ዓይኑ እንዴት እንደጠፋ እዚህ ቤት አይጠየቅም።

ሕዋስ ሁሉ አጥር አለው፣ ገለፈት የሚሉት፣
ከሽንኩርት ልጣጭ ዐሥር ሺህ እጥፍ የሳሳ፣ ስብ በስብ ያነጹት።
ያ ስብ በብርድ እንዳይገግር፣
በሙቀት እንዳይፈስ፣ መሐል ገብቶ የሚዳኝ፣ እንደ ወሎ አባጋር፣
ኮሌስትሮል ነው።
ሐኪም ቤት ስሙ የጠፋ፣ በራሱ ቤት ግን ጨዋ።

ታዲያ በምን ይታያል? ስንደዶ አይገባም እዚያ።
መርዝ ተበደርን ከባክቴሪያ፤
ቁስል የሚያበሰብስ፣ ኮሌስትሮል አሽትቶ
አጥር የሚነድል፣ ቀለበት ሠርቶ።
አራት ክፍል ነበረው። ሦስቱን ቆርጠው ጣሉ፣
ማሽተቻው ብቻ ተረፈ ከአካሉ።
ጥርሱ የወለቀ መርዝ፣ መፈለግ ብቻ የሚያውቅ፣
ግንባሩ ላይ መብራት ያሰርንለት፣ ሲያገኝ የሚደምቅ።
ግን እሱም እንደ አባቴ፣ የሸተተውን ነው የሚያውቀው፤
ከጎረቤት ስብ ተቃቅፎ የተደበቀውን በዝምታ ነው የሚያልፈው።

ሌላም ንጥር አለኝ፤ የአባቴ ዓይነት ንጥር አይደለም፣
ከአፈር ተሕዋስ የወጣ፣ ኮሌስትሮል ነክቶ ሰማያዊ የሚሆን ቀለም።

አንድ ቀን አመጣሁት። ሐኪሙ “ከፍ ብሏል፣ ቅቤ ይቅር” ባለው ማግስት።
ኮፍያውን አወለቀ፤ ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ያዝኩት።
ከጣቱ አንዲት ጠብታ ደም፣ መስታወት ላይ፤
“ና አባዬ፣ ሠላሳ ዓመት ያሸተትከውን እይ።”
መነጽሩን ጠረገ፣ ተደላደለ፣ አጎነበሰ፣
ቀለበቶቹ እሱ ሲደርስ ፈዘዙ፣ ሰማያዊው አነሰ።
የሚያሳየው ጨረር ራሱ ነው የሚያጠፋው፣ አልኩት።
ቀና አለ።
“ልጄ” አለኝ፣ “ስንደዶሽ ወፍራም ናት።”

ደረጃው ላይ ጠየቀኝ፦ “ሁሉን ብትለቅሚውስ፣ አንድ ሳይቀር?”
የስኳር ቀለበት እንዳለን ነገርኩት፣ ከገለፈት የሚመነቅር፤
አንዴ አብዝቼው ቀዩ ሕዋስ እንደፈረሰ፣ ውሃው እንደቀላ።
“በይ፣ ለሐኪሙም ንገሪው” ብሎ ሳቀ፤ ማታ ቅቤውን በላ።

ታኅሣሥ ላይ ሞተ፣ ሐረጎ መታጠፊያው ላይ፣ ሚኒባስ ውስጥ፣
ከሹፌሩ ኋላ፣ እንቅልፍ የወሰደው መስሎ፣ ማንም ሳይደነግጥ።
ከአጥሩ የወጣ አስታራቂ፣ ደም ሥሩ ላይ ተከማችቶ
መንገድ ዘጋ። ይህን ለማለት መሣሪያ አያሻም ከቶ።

ዛሬ ሌሊት መብራት ሲመጣ ተነስቼ ገባሁ።
ከፍሪጅ፣ ያኔ የተረፈችውን ሁለተኛዋን መስታወት አወጣሁ፣
ቀለሙን ጠብ አደረግሁ።
ጨረሩን ቀነስሁ። ደግሜ ቀነስሁ፣
ጨለማ እስኪመስል።
ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እንደሱ፣ እስክለምድ ጠበቅሁ።

ስከፍት ነበሩ።
ሰማያዊ፣ ቀጭን፣ ክብ ክብ።
ትንሽ ቆዩ።